ከባሕር ዳር ዋሽንግተን፦ በየት በኩል ይሻላል?

ጎጃም ውስጥ አሜሪካ ልጅ ወይም እህት ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ቪዛው ሲወጣ ሁሉም የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል? በየት በኩል ብንሄድ ይሻላል? ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ቁጥር ይመጣላችኋል፣ አሥራ ምናምን ሰዓት የሚል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቶ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት ዳለስ እስኪያርፍ ያለውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ከፍኖተ ሰላም የተነሱ እናት የሚደክሙት አየር ላይ ብቻ አይደለም፤ መኪናው አለ፣ ሰልፉ አለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቁ አለ። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪገባ ያለውን ነው። የኔን አቋም ከአሁኑ ልናገር፦ ኪሎ ሜትሩ ያን ያህል አያሳስብም። የሚለየው ስንት ቦታ ትቀይራላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሄደው ሰው ማን ነው የሚለው ነው።

ርቀቱን ቶሎ እንጨርሰው

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ገደማ ይሆናል። ከቦሌ ዋሽንግተን፣ ዳለስ ኤርፖርት ማለቴ ነው፣ በአጭሩ መስመር ቢሄዱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ካርታ ላይ ሲታይ የተጠማዘዘ ይመስላል፤ ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በአትላንቲክ ላይ ያልፋል።

አሁን በመሀል እየቀየሩ ሲሄዱ ስንት እንደሚጨምር እዩ። በፍራንክፈርት ጠቅላላው ወደ 11,900 ነው። በኢስታንቡል 12,100 ገደማ። በዱባይ ግን 13,900 ይጠጋል፤ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ ያንኑ መልሳችሁ ስለምትበሩ ነው። ዶሃም ከዱባይ ብዙ አይለይም። እንግዲህ በፍራንክፈርትና በኢስታንቡል የሚጨምረው ከ400 እስከ 600 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ። በዱባይ የሚጨምረው ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል።

ሰዓቱን ራሳችሁ ማስላት ከፈለጋችሁ ቀላል ዘዴ አለ። ለረጅም በረራ ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ከቦሌ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ይወጣል፣ በተግባር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ነፋሱ ትንሽ ያዛባዋል። ከፍ ብሎ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ወደ ኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ያግዛችኋል።

መጀመሪያ ከጎጃም መውጣት

ብዙ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ውጭ አገሩ ላይ ስለሆነ ይህችን ክፍል ይንቃታል። እኔ ግን ጉዞው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ምርጫው ሁለት ነው፣ ከባሕር ዳር መብረር ወይም በመኪና አዲስ አበባ መግባት። ከባሕር ዳር ቦሌ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ኤርፖርት ቀድሞ መድረሱን ስትጨምሩበት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ አራት። አውቶቡሱ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ተነስቶ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን አሥር አሥራ አንድ ሰዓት ይወስድበታል፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፣ ኬላ አለ፣ ምሳ አለ። በሞጣ በኩል የሚያልፈው ያጥራል። በየትኛውም ቢሆን ግን በዚያው ቀን ማታ ሌላ 17 ሰዓት ለመብረር የምትዘጋጁ ከሆነ አይመከርም። አውቶቡስ የሚመርጥ ሰው አዲስ አበባ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት፣ ይሻላል ካላችሁኝ ሁለት።

ግን ሁሉም ጎጃሜ ባሕር ዳር አይኖርም። እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ባሕር ዳር ይቀርባችኋል፤ ከፍኖተ ሰላም እንኳ ወደ ባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ከ380 በላይ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ውጡና ብረሩ። ሞጣም ባሕር ዳር በ120 ኪሎ ሜትር ይገኛል፣ ያው ነው። ደጀን ያለ ሰው ግን ከባሕር ዳር ለመብረር ብሎ በደብረ ማርቆስ በኩል ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ቢመለስ ትርፉ ድካም ነው፤ አዲስ አበባ በ230 ገደማ ይገኛል። አስቸጋሪው ደብረ ማርቆስ ነው። ወደ ባሕር ዳር 260፣ ወደ አዲስ አበባ 300። እዚህ ላይ የሚወስነው ርቀት ሳይሆን በዚያ ሳምንት የትኛው መንገድ ክፍት ነው የሚለው ነው። መንገዱ እንደሚዘጋ፣ ትራንስፖርት ድንገት እንደሚቆም ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከጉዞው በፊት መናኸሪያ ያለ ሰው ወይም የምታምኑትን ሾፌር ደውላችሁ ጠይቁ፣ የበረራው ቀን ሲቃረብ ደግሞ እንደገና ጠይቁ። ምልክቱ ጥሩ ካልሆነ ቀደም ብላችሁ ውጡ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አራት ቀን መቀመጥ የአሜሪካ ትኬት ከማቃጠል ይሻላል።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከባሕር ዳር የምትበሩ ከሆነ ትኬቱን ከዋሽንግተኑ ጋር አንድ አድርጋችሁ ግዙ። ለብቻው የአገር ውስጥ ትኬት፣ ለብቻው የውጭ ትኬት አትቁረጡ። ለምን ብትሉ፣ አንድ ትኬት ሲሆን የባሕር ዳሩ በረራ በዝናብ ወይም በሌላ ምክንያት ቢዘገይና የአሜሪካው ቢያልፋችሁ አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ቦታ ይፈልግላችኋል። ሁለት ትኬት ሲሆን ግን ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም፣ አልመጡም ብሎ ይዘጋዋል። ሻንጣም አለ። ወደ አሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለመደው ኢኮኖሚ ትኬት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። ለብቻ የተገዛ የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቅደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ የአዴት ጤፉን ጭኖ ባሕር ዳር ኤርፖርት ሚዛን ላይ መጨቃጨቅ ያመጣል።

ከአሜሪካ ለምትመጡ ደግሞ፦ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ አዲስ አበባ የመጣው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጥ በረራው በቅናሽ ይታሰብለታል። በሌላ አየር መንገድ መጥቶ የባሕር ዳሩን ለብቻ ሲገዛ ዋጋው ይንራል። በሌላ አየር መንገድ ቆጠብኩ ያላችሁት ገንዘብ እዚህ ላይ ሊመለስ ይችላል፣ ሁለቱን ደምራችሁ አወዳድሩ።

ከቦሌ ወዲያ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዳለስ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል። ማረፊያው በየጊዜው ተለዋውጧል፣ ሮምም ደብሊንም የቶጎዋ ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ሲመለስ ግን ከዳለስ ቦሌ ቀጥታ ይመጣል፣ 13 ሰዓት ገደማ። ብዙ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ምክንያቱ አዲስ አበባ ራሷ ናት። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚያ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም የሚያገኙት ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውም ጭነትም ለአሜሪካ የሚበቃ ነዳጅም በአንዴ ጭኖ መነሳት ያቅተዋል። ዳለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ያግዘዋል።

ይህ ማረፊያ ግን ትራንዚት እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ ይቀጥላል። በር መፈለግ የለም፣ ፍተሻ የለም። ጠቅላላው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ነው። ሮም ከቀጥታው መስመር ብዙም አትወጣም፣ የምትጨምረው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሎሜ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ታስረዝማለች። ስለዚህ ስትገዙ ማረፊያው የት እንደሆነ ማየት አይከፋም።

በፍራንክፈርት ከሆነ መጀመሪያ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በኢስታንቡል አምስት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ አሥራ አንድ። ሁለቱም ሲደመሩ 16 ሰዓት ተኩል አካባቢ ናቸው፣ አየር ላይ ያለው ከኢትዮጵያ አየር መንገዱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የሚለየው መሀል ላይ ያለው ጥበቃ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ በጣም ጥሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ ርካሹ ትኬት ለምን እንደረከሰ ገባችሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ከሆነ ደግሞ አትግዙት፣ እነዚህ ኤርፖርቶች ሰፊ ናቸው፣ ፍተሻውም ይደገማል። በዱባይ ወይም በዶሃ አራት ሰዓትና አሥራ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሁለተኛው በረራ በጣም ረጅም ነው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከባድ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ አንድ ነገር አትርሱ። በጀርመን ለማለፍ ከኤርፖርቱ ባትወጡም እንኳ ኢትዮጵያዊ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ደንብ አላቸውና ትኬት ቢሮው ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ረጅም ጥበቃ ኖሮ ሆቴል ቢባልላችሁም ከኤርፖርት መውጣት ሌላ የቪዛ ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ርካሽ ትኬት ደግሞ "ዋሽንግተን" ይልና ኒው ዮርክ አውርዷችሁ ሌላ አውሮፕላን ያስቀይራል። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የረገጣችሁት ኤርፖርት ላይ ኢሚግሬሽን አልፋችሁ፣ ሻንጣችሁን ራሳችሁ አንስታችሁ፣ በጉምሩክ አሳልፋችሁ እንደገና ማስረከብ አለባችሁ። ይህ ከዳለስ ቀይረው ወደ ሚኒያፖሊስና ሲያትል ለሚቀጥሉ ሰዎችም ይሠራል፣ ዳለስ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑራችሁ። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ነገር አትያዙ፣ ይወሰዳል። ሌላውን ምግብ ግን ሲጠይቋችሁ "አለኝ" በሉ፤ መናገር ጉዳት የለውም፣ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው።

ሰዓቱና ቀኑ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የእኛ አይደለም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ቀኑን ነው። እኛ ቅዳሜ ሌሊት የምንለው ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እሑድ ሆኗል። ትኬቱ "እሑድ 01:15" ካለ፣ ያ በእኛ ቅዳሜ ሌሊት 7:15 ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ቦሌ መገኘት አለባችሁ። እሑድ ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሞልቶታል። ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱት አብዛኞቹ በረራዎች ከቦሌ የሚነሱት በማታና በሌሊት ስለሆነ ይህ ነገር የሁሉም ጉዳይ ነው። የአገር ቤቱን ቀን፣ የሳምንቱን ቀንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

የሰዓት ልዩነቱ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው፣ ዋሽንግተን ወደ ኋላ ነው። ለምሳሌ በጁላይ ከቦሌ ማታ 4:30 ተነስታችሁ 17 ሰዓት ቢፈጅ፣ ዳለስ ስታርፉ በእኛ ቀን 9:30 ነው፣ እዚያ ግን ገና ጠዋት ነው፣ እነሱ 8:30 የሚሉት። ሙሉ ቀን ይጠብቃችኋል ማለት ነው። የምትቀበሉ ልጆች ይህን አስቡበት፤ እናት ሲደርሱ በእኛ ሰዓት ማታው እየመጣባቸው ነው፣ የዚያን ቀን እንግዳ አትጥሩባቸው።

ለማን የቱ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄድ እናት፣ ልጇን ልታርስም ይሁን ልትጠይቅ፣ የኔ መልስ አንድ ነው። ከባሕር ዳር በአንድ ትኬት፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ መቀየር ቦሌ ላይ ብቻ። መቶ ሁለት መቶ ዶላር ቢበልጥም። አስተናጋጆቹ አማርኛ ይሰማሉ፣ የጾም ምግብ ቀድሞ ይታዘዛል። በሌሎቹም ቢሆን "ቪጋን" ብላችሁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማዘዝ ትችላላችሁ፣ ግን ፍራንክፈርት ላይ በሩ ሲቀየር ማን በአማርኛ ይነግራቸዋል? እግራቸው ደህና ቢሆንም ትኬቱ ላይ ዊልቸር አስጠይቁላቸው፣ ክፍያ የለውም። ገፍቶ የሚወስዳቸው ሰው ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው ያደርሳቸዋል፣ ዳለስ ኢሚግሬሽንም አብሯቸው ይቆማል። የልጃቸውን አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉላቸው።

እናቶች ደግሞ "እዚያ ላይ ትንፋሽ አያጥረኝም?" ይላሉ። በእነ ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 ውስጥ ያለው አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ዓይነት ሆኖ ነው የሚያዘው። ባሕር ዳር ራሷ ከዚያ አትርቅም፣ ደብረ ማርቆስማ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ከደብረ ማርቆሱ የወፈረ ነው ብላችሁ ንገሯቸው። ጆሮ የሚደፍነው ሲነሳና ሲያርፍ ነው፣ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ይያዙ። ለእግር እብጠት ግን መነሳት፣ መንቀሳቀስ፣ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ያላቸው በእጅ ቦርሳ ይያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት።

ወጣት ከሆናችሁ፣ እንግሊዝኛ ከቻላችሁ፣ ገንዘብ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ኢስታንቡልና ፍራንክፈርት ጥሩ ናቸው፤ ጥበቃው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ያለውን ምረጡ። ዱባይንና ዶሃን የምመክረው የዋጋ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ሲሆን ወይም እዚያ የምታዩት ዘመድ ሲኖር ብቻ ነው። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ መቀየሩ ያነሰውን፣ ዋጋው ምንም ይሁን።

ስትመለሱ ነገሩ ይቀላል። ከዳለስ ቀጥታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቦሌ የሚገባው በጠዋት ስለሆነ፣ የቀኑን የባሕር ዳር በረራ ይዞ በዚያው ቀን ቤት መግባት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ግን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑር፣ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ አለ፣ የአገር ውስጡም ተርሚናል ሌላ ነው። ሻንጣችሁን ዳለስ ስታስረክቡ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ መጨረሻው የባሕር ዳር ምልክት፣ ቢ ጄ አር፣ መሆኑን እዩ፤ የአዲስ አበባው ኤ ዲ ዲ ከሆነ ቦሌ ላይ ራሳችሁ ማንሳት አለባችሁ ማለት ነው። ወደ ደጀንና ደብረ ማርቆስ በመኪና የምትሄዱ ደግሞ በዚያው ቀን አትነሱ። 13 ሰዓት በርሮ የመጣ ሰው ዓባይ በረሃን በምሽት ሊያቋርጥ አይገባም። አዲስ አበባ እደሩ፣ ስለ መንገዱ ጠይቁ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውጡ።